እታለም ከተማ ላይ ያልቆመው ዝናብ

ኅዳር 4

ለወንድሜ፣

ጤና ይስጥህ፣ ሥራህን ይባርክልህ፣ ከክፉ ነገር ይሰውርህ። ምርቃቱን ያስቀደምኩት ከዚህ በታች የምጽፈው ምርቃት ስላልሆነ ነው።

አባባ ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ የተናደደ ሰው ደህና ነው ከተባለ። በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩ እሱ ወንበር አጠገብ ስለሆነ ነው። ልቡ ይድከም እንጂ ጆሮው እንደ ድሮው ነው። ስለዚህ ከምሠራበት ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ኮምፒውተር ላይ፣ ጉንጫቸውን የያዙ በሽተኞች እያፈጠጡብኝ እጽፍልሃለሁ።

አውሮፕላን ለሚያበርርበት ኮምፒውተር፣ ለሲሙሌተሩ የላክህለት የአየር ጠባይ ፕሮግራም ደርሷል። ደርሶም ተጭኗል። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ «ይህን ተጫን፣ ያን ተጫን» እያልክ በስልክ አስጫንከው። ያ ሲሙሌተር ቤታችን ከገባ ጀምሮ ሰማዩ ብራ ነበር። ሰማያዊ፣ በስተግራ አንድ ነጭ ደመና፣ ነፋስ የሚባል የለም። ጡረታ የወጣ ካፒቴን ምሳውን በልቶ የኋላው ክፍል ይገባል፣ እስከ እህቱ እታለም ከተማ በርሮ ይመለሳል፣ ሻዩን ይጠጣል። ምን ጎደለው? አንተ ግን ከስንቱ ፕሮግራም መርጠህ መርጠህ፣ በየአየር ማረፊያው በዚያች ሰዓት ያለውን እውነተኛ አየር ከኢንተርኔት እየሳበ የሚያመጣውን ገዛህለት። እዚያ ከዘነበ ስክሪኑ ላይ ይዘንባል። እዚያ ከነፈሰ መሪው በእጁ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ቅዳሜ የሆነውን ልንገርህ። እታለም ከተማ ሊያርፍ ሲል ዝናብ ተቀበለው። እንደ ልጅ ሳቀ። አርፎ ሞተሩን አጠፋና ምን ያደረገ ይመስልሃል? ስልኩን አነሳ። «እስቲ እታለምን ልጠይቃት። እውነት እዚያ እየዘነበ ነው ወይስ ይሄ ዕቃ ይዋሻል?»

እታለምን። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እኔ ቆሜ ያስቀበርኳትን አክስታችንን። ታላቅ እህቱን። መሞቷን ከዘመዱ ሁሉ እሱ ብቻ የማያውቀውን።

ስልኩን ከእጁ ነጠቅኩት። እዚያ ከተማ መስመር ተበላሽቷል አልኩት። ክፉኛ አየኝ።

አባባን ታውቀዋለህ፤ ያለ ጉዳይ ስልክ የሚያነሳ ሰው አይደለም። እሷም እንደዚያው ነበረች። «ሰላም በያት» ይለኛል፣ «ሰላም ብላሃለች» እለዋለሁ፣ አለቀ። እስካሁን የሚደውልበት ምክንያት አልነበረውም። አንተ በየቀኑ አዲስ ምክንያት ገዛህለት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አንተ አፍስሰህ እኔን ታስለቅመኛለህ።

አየሩን በእጅ የሚሞሉት ዓይነት ፕሮግራም አለ አሉ። እሱን ላክልኝ። ብራ አድርጌ እቆልፈዋለሁ።

እህትህ

*

ኅዳር 12

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናና ዕድሜ ይብዛልሽ። ቁጣ ግን አይብዛልሽ፣ እሱ እዚህም ሞልቷል። የዘገየሁት አንድ የሆስፒታል ሊፍት ሳምንቱን ሙሉ ስላሰቃየን ነው። አባት ሰማይ ለሰማይ፣ ልጅ ከምድር ቤት እስከ ዘጠነኛ ፎቅ፤ የቤታችን ዕጣ እንዲህ ነው።

ፕሮግራሙን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። አባባ ነው። ሁሉንም በስልክ አነበብኩለት። አንቺ የምትይውንም ነገርኩት፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ደመናው የት ላይ እንደሚሆን ራስህ ትጽፋለህ አልኩት። «ፈተናውን ራሴ አውጥቼ ራሴ ልፈተን?» ብሎ ሳቀብኝ። ቀጥሎ ምን አለ መሰለሽ? «ሁልጊዜ ብራ የሆነ ሰማይ የት አገር አለ? ልጄ፣ እንደ በሽተኛ በሾርባ አታኑሩኝ።» ይህን ከሰማሁ በኋላ ምን ልግዛለት?

ጥፋቱ ደግሞ የፕሮግራሙ አይደለም። ጥፋቱ ያልተነገረው መርዶ ነው። «ልቡን ያመዋል፣ ሐኪም አይነገረው ብሏል» አልሽኝ። እኔም አመንኩ። የትኛው ሐኪም ብዬ ስጠይቅ ግን የክሊኒክሽ ጥርስ ሐኪም ሆኖ ተገኘ። እትዬ፣ የልብን ነገር ጥርስ ነቃይ ይጠየቃል?

እሱ አልበቃ ብሎሽ የእማማን ደንብ አመጣሽብኝ። በረራ ባለበት ቤት ክፉ ወሬ አይነገርም። መቼ ረሳሁት? ድመታችን ስትሞት እንኳ እማማ አባባን «ጎረቤት ሄዳለች» ብላ ሸኝታዋለች። በርሮ ተመልሶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ከዘረጋ በኋላ ነበር የሚነገረው። ግን ያኔ በሳምንት ሁለት ቀን ነበር የሚበርረው። አሁን በየቀኑ ይበርራል። በዚህ ደንብ ከሄድን እታለም መሞቷ የሚነገርበት ቀን ፈጽሞ አይመጣም። አንቺም የወደድሽው ለዚህ ነው።

በእጅ የሚሞላውን አልገዛም። ንገሪው።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 13

ለሊፍት ጠጋኙ፣

ሰላምታውን ከመጀመሪያው ደብዳቤዬ ላይ ገልብጠህ አንብበው።

ንገሪው አልከኝ። ምን ቸገረህ። ነግሬው ቢወድቅ በማን እጅ ነው የሚነሳው? ባለፈው ዓመት ልቡን ሲያመው ከመታጠቢያ ቤት ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንተ አበባ ላክህ። የፕላስቲክ አልነበረም፤ አመሰግናለሁ።

እታለም ስትታመም ማን ሄደ? ስትሞትስ? «መሥሪያ ቤቴ ስልጠና ልኮኝ ነው» ብዬ አባባን ዋሽቼ፣ አውቶቡስ ውስጥ አልቅሼ፣ ቀብሬያት ተመልሼ፣ ፊቴን ታጥቤ እራት አቀረብኩለት። እንዴት ነበር ስልጠናው ብሎ ሲጠይቀኝ ጥሩ ነበር አልኩት። አንተ በስልክ አለቀስክ። ማልቀስህን አልነቅፍም። ግን ሰው እንዲህ እውነት ከወደደ ራሱ መጥቶ ይናገራል። መምጣት ካልቻለ ይደውላል። ቁጥሩ አልተቀየረም፤ አንድ ቀን ደውለህ «አባባ፣ እታለም አርፋለች» ማለት አቅቶህ፣ በእኔ ምላስ ጀግና ልትሆን ትፈልጋለህ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው።

ፕሮግራምህ ይቅርብኝ። የራሴን ዘዴ አግኝቻለሁ።

እህትህ

*

ኅዳር 24

ለወንድሜ፣

መልስህ ሳይመጣ ደግሜ የምጽፈው ተገድጄ ነው።

ዘዴዬ የኢንተርኔቱን ገመድ መንቀል ነበር። ኢንተርኔት ከሌለ እውነተኛው አየር አይመጣም፣ ያ አሮጌ ብራ ሰማይ ይመለሳል ብዬ ነበር። አልተመለሰም። ገመዱን በነቀልኩበት ቀን እታለም ከተማ ላይ ዝናብ ነበር። በማግስቱም ዝናብ። እሑድ ዝናብ። ማክሰኞ ያው ዝናብ፣ ያው ነፋስ፣ ያው ደመና። መጀመሪያ ሰሞን አባባ ደስ አለው፤ «እንዲህ ነው በረራ» ይል ነበር። ከዚያ ሳቁ ቆመ። አርፎ ከወረደ በኋላም ከስክሪኑ ፊት መነሳት ተወ።

«ይሄ ዝናብ ለምንድን ነው የማይቆመው?» አለኝ ረቡዕ። «ያች ከተማ ወንዝ ዳር ናት። የእታለም ቤት ደግሞ ዝቅ ባለው በኩል ነው።»

ትናንት ወደ ባለ ሱቁ ሄዶ በእሱ ስልክ ደውልልኝ አለው። ባለ ሱቁ በእኔ የተለመነ ነው፤ ጆሮው ላይ አድርጎ ሲያበቃ «መስመር የለም ካፒቴን» አለው። ይኸው ሰፈር ለሰፈር እንዋሻለን። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዶ አቧራውን ሲያራግፍ አገኘሁት። «እታለም ጎርፍ ላይ ተቀምጣ እኔ እዚህ ሻይ እጠጣለሁ?» አለኝ። እንዳንተ ዓይነት ሥራ ያለው ሰው ያውቃል ብዬ ነው፤ እባክህ ይሄን ዝናብ እንዴት እንደማቆመው ንገረኝ። ገመዱን ብመልሰው ይቆማል?

ከጻፍክ ዛሬ ጻፍ።

እህትህ

*

ኅዳር 25

ለእትዬ፣

አምላክ ትዕግሥት ይስጥሽ፤ ለእኔም ይጨምርልኝ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ አስጠላኝ። ፕሮግራሙ ኢንተርኔት ሲያጣ መጨረሻ ላይ የተቀበለውን አየር ይዞ ይቆያል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ነው። ያን ሁሉ ቀን እታለም ከተማ ላይ ያዘነብሽው ራስሽ ነሽ። አሁን አየሁት፤ ከተማዋ ላይ ጠብታ የለም፣ ጸሐይ ነው።

ገመዱን ቶሎ መልሺ። በእጅ የሚሞላውንም ገዝቼ ልኬልሻለሁ። አሸነፍሽ። የፈለግሽውን ብራ ሙዪበት።

መደወልን በተመለከተ ያልሽው ልክ ነው፤ ልክ ስለሆነ ነው የተናደድኩብሽ። ስንት ጊዜ ደውዬለታለሁ። «አቤት የኔ ካፒቴን» ሲለኝ አፌ ስለ ሊፍት ያወራል። ስለ ገመድ፣ ስለ ሞተር፣ መሃል ፎቅ ላይ ስለ ቀሩ ሰዎች። እሱም በትዕግሥት ይሰማኛል። ስልኩን ስዘጋ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። አትናደጂብኝ አልልሽም። ብቻ ዛሬ ጸሐይ አውጪለት።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 30

ለወንድሜ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። አባባ አውቋል።

ጸሐይህ ዘግይታ ደረሰች። ደብዳቤህን አንብቤ እየሮጥኩ ቤት ስገባ ኮቱን ለብሶ፣ ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ወደ አውቶቡስ ተራ የሚወስደው ታክሲ ጠርቷል። «ዝናቡ ቆሟል አባባ፣ እዚያ ጸሐይ ነው» አልኩት።

«በምን አወቅሽ?» አለኝ። «ስልክ የለም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ሻንጣውን ልቀበለው ብሞክር አልለቅም አለ። በዚያች ደቂቃ አንተን፣ ጥርስ ሐኪሙን፣ ያን ኮምፒውተር፣ ራሴን፣ ሁላችንንም ጠላሁ።

«እታለም የለችም» አልኩት።

«የት ሄደች?»

«ሞታለች። ነሐሴ ላይ።»

አልወደቀም። ይወድቃል ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር። ሻንጣውን መሬት ላይ አድርጎ ላዩ ላይ ተቀመጠ።

«ማን ቀበራት?»

«እኔ ነኝ።»

«ስልጠና ያልሽኝ ጊዜ?»

«አዎ።»

«ወንድምሽስ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ባለ ሱቁስ?»

«ባለ ሱቁም።»

ውጭ ታክሲው ጥሩንባውን ነፋ። ወጥቼ ይቅርታ ብዬ አሰናበትኩት። ስመለስ አባባ ተነስቷል። እንዲያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም፤ እኔም የእማማን ደንብ ይዤ ልከላከል ሞከርኩ። በረራ ባለበት ቤት ክፉ ወሬ አይነገርም ብለን ነው አልኩት። የመለሰልኝን እንዳለ እጽፍልሃለሁ፣ ድርሻህ ስላለበት።

«እናታችሁ ያን ታደርግ የነበረው ለእኔ አዝና መሰላችሁ? ከኋላዬ ሰው ስለነበረ ነው። የሰው ልጅ፣ የሰው እናት ጭኜ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ነው። አሁን ከኋላዬ ማን አለ? የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ። የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ እንዳይወድቅ ብላችሁ ነው እህቴን የደበቃችሁኝ?»

ከዚያ ድምፁ ወረደ። ጩኸቱ ይሻለኝ ነበር። «በየቀኑ እዚያ አርፌያለሁ። በብራ። እንዴት አሳመርኩት እያልኩ ስፎክርልሽ እሷ ከማኮብኮቢያው ማዶ አፈር ውስጥ ናት። አንቺ ደግሞ ጎበዝ ትይኛለሽ።»

ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። ሻይ ስወስድለት የኋላውን ክፍል በር ከፍቶ ትሪውን ይቀበለኝና ይዘጋዋል። ትናንት ብቻ በበሩ ክፍተት እንዲህ አለኝ፦ «ለዚያ ለሊፍት ሠራተኛ ጻፊለት። ያለፈ ቀን አየር መልሶ የሚያመጣ ፕሮግራም ካለ ይፈልግ። የቀብሯን ቀን ነው የምፈልገው።»

ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። አንተም አትጠይቀኝ።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 8

ለእትዬ፣

አንቺንም ያጽናሽ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሥራ ላይ ነው፣ ሊፍቱን ሁለት ፎቅ መሃል አቁሜ። ሰዎች ከላይ በሩን ይደበድቡ ነበር። ይደብድቡ ብዬ ተውኳቸው።

የፈለገው ዓይነት አለ። ያለፉትን ዓመታት አየር በየቀኑና በየሰዓቱ አስቀምጧል። ቀኑን ትነግሪዋለሽ፣ ያን ቀን ያመጣልሻል። ልኬዋለሁ፣ አጫጫኑንም ጽፌ አያይዤዋለሁ። ምን ዓይነት ቀን እንደሚያወጣ አልሞከርኩትም፤ ከእሱ ቀድሜ ማየት አልፈለግኩም።

ነገር ግን ሰዓት ይጠይቃል። ቀብሯ በስንት ሰዓት ነበር? ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ? ይህን መጠየቄ ምን ያህል እንዳናደደኝ አትጠይቂኝ። በእጇ ያበላችኝ አክስቴ በስንት ሰዓት እንደተቀበረች አላውቅም። ያኔ ስደውልልሽ «ሰው በዛ ወይ?» ብዬ ነው የጠየቅኩሽ።

አባባ ስለ እኔ ምን ይላል? የሊፍት ሠራተኛ ከማለት ሌላ።

ወንድምሽ

*

ታኅሣሥ 16

ለወንድሜ፣

ጠዋት ነበር፣ ሦስት ሰዓት ላይ። አሁን አወቅክ።

ስለ አንተ ምን እንዳለ ጠይቀኸኛል። «ፕሮግራም ይበቃኛል በይው» ነው ያለው። ያን በእጅ የሚሞላውን ሳልጭነው አጥፍቼዋለሁ።

እሑድ ጠዋት ጢሙን ተላጨ። ጥቁር ኮቱን ለበሰ፣ ክራባት አሰረ፣ ጫማውን ጠረገ። ልወጣ ነው ሊለኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። «ነይ ግቢ» አለኝ። የመተኮሻ ጠረጴዛውን ኮሪደር ላይ አውጥቶ በቦታው የወጥ ቤቱን ወንበር አስቀምጧል። «እዚህ ተቀመጪ። ወሬ የለም።» ተቀመጥኩ። ቀኑን ራሱ ጻፈ። ሰዓቱን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።

ከዚህ ስንነሳ ጥሩ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ከታች ያለው ምድር ሁሉ ነጭ ሆነ። ጭጋግ። እኔ አውቅ ነበር። ያን ጠዋት አውቶቡሳችን በቀን መብራት አብርቶ እየዳኸ ነው ከተማዋ የገባው፤ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሜ ማዶ የቆመውን ሰው ፊት መለየት አልቻልኩም። ለአባባ ግን አልነገርኩትም ነበር። ፕሮግራሙ ነገረው።

ወደ ማኮብኮቢያው ወረደ። ከመስኮቱ ውጭ ነጭ ብቻ ነው፣ ወረቀት የለጠፉበት ይመስላል። የከፍታው ቁጥር እየቀነሰ እየቀነሰ ሄደ። እጁን አየሁት፣ አይንቀጠቀጥም። «ካልታየኝ አላርፍም» አለ ለራሱ፣ መሪውን ሳበ፣ ወጣን። ዞሮ እንደገና ወረደ። ነጭ። ወጣ። ደግሞ ወረደ። እኔ ተሳፋሪ ሆኜ ከኋላው ወንበሩን በሁለት እጄ ይዣለሁ፤ ሲሙሌተር መሆኑ ከአእምሮዬ ጠፍቷል። በመጨረሻ ነዳጁን አየና «ሕጉ አይፈቅድም» ብሎ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደዚህ መለሰ። እዚህ ሰላም አረፍን። ሞተሩን አጠፋ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ እህቱን አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ነሐሴ ላይ ልናደርገው የሚገባንን ታኅሣሥ ላይ አደረግነው።

እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት። እኔ ሞኟ ግን የሚያጽናናው ነገር ያገኘሁ መሰለኝ።

«አየህ አባባ» አልኩት፣ «ብንነግርህም ኖሮ አትደርስም ነበር።»

ወንበሩን አዞረ። ዓይኑ ደርቋል፣ ያ ቁጣው ተመልሷል።

«አንቺ በምን ሄድሽ?» አለኝ።

«በአውቶቡስ።»

«ደረስሽ?»

«ደረስኩ።»

«አጠገብሽ ያለው ወንበር ላይ ማን ተቀምጦ ነበር?»

ከዚህ በኋላ አንድም ውሸት አልነግረውም ብዬ ምዬ ስለነበር እውነቱን ነገርኩት። ባዶ ነበር አልኩት። ቦርሳዬን አስቀምጬበት ነበር።

እህትህ